የሞጣ አፈር

የእህቴ የውበቴ ስም ሲነሣ፣ “ያች ከሞጣ ቢቸና አፈር ጭና የምትመላለሰው” ብለው የሚስቁ ሰዎች ዛሬም አሉ። ይሳቁ። ያን አፈር ለምን እንደጫነች ሳያውቅ የሚስቀውን ምንም አልለውም። አውቆ የሚስቅ ካለ ግን ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ባይቀርብ ይሻለዋል።

የእናታችን ቤት ሞጣ ነው፤ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከነጋዴው ከሐምዱ ቤት ጋር አጥር ለአጥር። ውበቴ የመጀመሪያዋ ልጅ ነች፣ እኔ ሰብለ ወንጌል የመጨረሻዋ። እኔ ስናደድ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኛል። እሷ ስትናደድ ከንፈሯን ትነክስና ዝም ትላለች፤ ከዚያ ያሰበችውን ታደርጋለች። ዝምታዋ ብዙ ሰው አሳስቷል። ምንም አታመጣም ብለው የናቋት ኋላ ጣታቸውን ነክሰዋል።

የተዳረችው ቢቸና አጠገብ ላለ ገበሬ ነው። ባሏ ፋንታ ቀልደኛ አይደለም፣ ተናጋሪም አይደለም፤ ሚስቱን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። ከተጋቡ በኋላ ለዓመታት ልጅ አልያዘላትም። የፋንታ ዘመዶች ሌላ አግባ ቢሉት፣ ሁለተኛ ይህን ካነሣችሁ ቤቴ አትምጡ ብሎ አሰናበታቸው።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ቤቱን በመስመር ሠርቶ፣ ደጅ ለደጅ እየተያየ ይኑር ተባለ። የማይፈልግ ሰው አይፈልግም አይባልም፤ ጠላት ነው ይባላል። ፋንታም እንደ ሁሉም ሰው የአባቱን ቤት በገዛ እጁ አፍርሶ ምሰሶውን ተሸክሞ ወረደ። የተመረጠላቸው ቦታ ጨፌው ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ለመስመር ይመቻል ተብሎ። ጨፌ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ቤት አይሠራበትም ያሉ ሽማግሌዎች አድኃሪ ተብለው አፋቸውን ያዙ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አካለ ወልድ ይባላል። ጓድ አካለ ወልድ። ይህን ስም ያወጡለት ቄስ አባቱ ልጃቸው የሚሆነውን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉለት ነበር።

ስለ ጨፌው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያኔ እኛ አናውቀውም ነበር። መንደሩ ከመመሥረቱ በፊት በነበረው የተምች ዓመት፣ ትሉ ጤፉን ሲጨርስ፣ በጆንያ የታሸገ የዱቄት መድኃኒት በመኪና መጣ። ለገበሬው ታድሎ ማሳው ላይ ተበተነ። ተምቹ ሲጠፋ መድኃኒቱ ተረፈ። የተረፈውን ወደ ከተማ መልሱ ተብለው ነበር። ግን ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ማን ይልፋ? አካለ ወልድ ሁለት ጎረምሶች ይዞ ጨፌው ላይ ጉድጓድ አስቆፈረና ጆንያዎቹን አስቀበረ። ሁለቱ ጎረምሶች በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው ሄዱ። የመለመላቸው እሱ ነው።

ቤቶቹ ሲሠሩ የምርጊቱ አፈር ከዚያው ከጨፌው ተቆፈረ። ቅርብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ከጭድ ጋር ሲቦካ ደኅና አድርጎ ይይዛል። ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ሴቶቹ አቦኩ። እህቴ ጭቃውን በእግሯ ረገጠች፣ ግድግዳዋን በእጇ መረገች። ምርጊቱ ሲደርቅ ቤቱ የማይታወቅ ሽታ ነበረው፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ዓይነት። ዝናብ የመታው ለት ይብስበታል።

አዲሱ መንደር ቁንጫ አልነበረውም። ትኋንም የለም፣ ዝንብም የለም። ለጉብኝት የመጡ ባለሥልጣኖች ይህን ሲያዩ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። አካለ ወልድ ደረቱን ነፍቶ፣ “በመስመር መኖር ንጽሕናን ያመጣል” ብሎ አስረዳቸው፤ እነሱም አጨበጨቡለት። ዝንብ እንኳ መኖር ያልቻለችበት ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከመካከላቸው የተማረ ጠፍቶ አይደለም። ማጨብጨብ ስለሚቀል ነው።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። በእኛ አገር ሴት ስታረግዝ አፈር ያምራታል። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ብዙዎቹን። ወንድ ፊት አይወራም፤ ሴቶች ብቻ እንተዋወቃለን። ዝናብ ነክቶት የሸተተ ግድግዳ ሲያዩ ምራቃቸው ይሞላል፤ ከጠርዙ ሸረፍ አድርገው አፋቸው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። አምሮት ደግሞ አይከለከልም። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል፣ አለዚያም ጽንሱ ይወርዳል ይባላል። ስለዚህ ባልም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ አማትም ራሷ ፈልጋ ታመጣለች።

ውበቴ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ አዲሱ መንደር ውስጥ አረገዘች። አፈሩም አማራት። የጨፌው አፈር ደግሞ እንደ ሌላው አልነበረም። ያ ሽታው ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ላረገዙት ግን ልብ የሚሰርቅ ነገር ሆነ። ጎረቤቷ አገሬም አርግዛ ነበር፤ ሁለቱ ተያይተው ይሳሳቁና እየሸረፉ ይበሉ ነበር።

እርግዝናው ሲገፋ ሆዷን ያማት ጀመር። ቁርጠት ነው፣ መነፋት ነው፣ ከዚያ ተቅማጥ ነው። ያዝ ያደርጋትና ይለቃታል፣ ተስፋ ስታደርግ ይመለስባታል። የበላችው አይረጋላትም። የሰው ምክር ግን ሞልቷል። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ትል ነው ብለው ኪኒን ሰጧት። አማቷ የሰው ዓይን ነው አሉ። ሌላው ሁሉ፣ “እርግዝና ነው፣ ትለምጂዋለሽ” አላት። እርግዝና ነው የሚለው ቃል ስንት ሴት ቀብሯል? ሴት አርግዛ ሆዴን አመመኝ ካለች ጆሮ የሚሰጣት የለም፤ ሆዷ የእሷ መሆኑ ያበቃ ይመስል። የሚያበግነው ደግሞ፣ ቁርጠቱ ሲይዛት አፈሩ የሚያስታግስላት ይመስላት ነበር። ባመማት ቁጥር አብዝታ ትበላለች።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ስለሆነ ወሯ ሲገባ ወደ ሞጣ መጣች። ከመኪና ስትወርድ ደነገጥሁ። ሆዷ ብቻ ነው የቀረው፤ ፊቷ አልቋል፣ ክንዷ አጥንት ሆኗል። እናቴ አንዴ አየቻትና አጥሚት ለማፍላት ወደ ማጀት ገባች።

በመጣች ማግሥት አፈር አማረኝ አለችኝ። ከጓሯችን ግድግዳ ፍቄ ሰጠኋት። ቀመሰችና ተፋችው።

“ጣዕም የለውም ሰብልየ። የእኛ ቤቱ ነው እንጂ…” ብላ ተከዘች።

እኔም ሳቅሁባት። ወይዘሮዋ አፈር ማማረጥ ጀመረች አልኋት።

ሞጣ ከተቀመጠች በኋላ ሆዷ ረጋ። ቁርጠቱ ተወ፣ የበላችው መስማማት ጀመረ፣ ጉንጯ ሞላ አለ። እናቴ አጥሚቴ ነው አለች። የንስሐ አባታችን ጠበሉ ነው አሉ። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ እጄን ይዛ ታስነካኝ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አላየኋትም።

ከዚያ ፋንታ ሊጠይቃት መጣ። ማር ይዟል፣ ቅቤ ይዟል፤ በኩታው ጫፍ ደግሞ የተቋጠረ ነገር ይዟል። አገሬን ጠይቆ ውበቴን ምን ሲያምራት እንደነበር ሰምቷል። የማጀታቸውን ግድግዳ ራሱ ፍቆ፣ ቋጥሮ፣ በደብረ ወርቅ በኩል መኪና ላይ ታፍኖ ሞጣ ድረስ አመጣላት። ወንድ ልጅ ለሚስቱ አፈር ቋጥሮ ሲጓዝ ቢታይ መሳቂያ ነው። ፋንታ ግን ማን ሳቀ ማን አልሳቀ አላለም፤ አማራት፣ አመጣላት።

እሷም ቋጠሮውን ፈትታ ስታሸተው ዓይኗ በራ። ትራሷ ሥር አስቀምጣ እየቆነጠረች በላችው። ቁርጠቱ ተመለሰ፤ ያሁኑ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። አስታወካት፣ አንቀጠቀጣት፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ። ምጡ ያለጊዜው መጣ። የተወለደችው ሴት ነበረች። አላለቀሰችም። አዋላጇ ገልብጣ መታቻት፣ አፏን ጠረገችላት፤ አላለቀሰችም። ክርስትና አልተነሣችምና ያለ ፍትሐት ቀበርናት።

ጎረቤታችን ዑሙሰልማ፣ የሐምዱ ሚስት፣ ልታጽናናን መጣች። ውበቴ ተኝታለች፣ ፋንታ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ዑሙሰልማ ወደ መደቡ ጠጋ ስትል ዓይኗ ከትራሱ ሥር ብቅ ያለው ቋጠሮ ላይ አረፈ። ዙሪያውን ዝንቦች በጀርባቸው ተገልብጠው ወድቀዋል። አነሣችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷ ተለወጠ።

“ይኼን አራስ አጠገብ ማን አስቀመጠው? የነቀዝ መድኃኒት ይሸታልኮ! ሐምዱ መድኃኒቱን ጨው አጠገብ አስቀምጦ ስንት ተጣልተንበታል!”

“እኔ ነኝ ያመጣሁት” አለ ፋንታ። “አፈር ነው። አማራት ብየ…” እጁን አገላብጦ ያይ ጀመር።

ውበቴ ከተኛችበት ቀና አለች። “እጅህን አትየው ፋንታ” አለችው። “እጅህ ምንም አላደረገም። ይኼ አፈር ከየት ነው የተቆፈረ?”

“ከጨፌው ነዋ።”

“ጨፌው ውስጥ ምን አለ?”

ለውትድርና ከሄዱት ጎረምሶች አንዱ፣ ሊሄድ ሲል በስካር፣ ጨፌው ላይ የተምች መድኃኒት ቀብረናል ሲል ፋንታ ሰምቶት ነበር። የሰካራም ወሬ ብሎ ረስቶታል። ይህን ሲነግራት እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። ያን ጊዜ አወቅሁ፤ አንድ ነገር ታደርጋለች።

መቆም እንደቻለች ወደ ቢቸና ተመለሰች፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። የማኅበሩ ስብሰባ ቀን ሕዝቡ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተቀምጧል፣ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ስለ እርከን ሥራ፣ ስለ መዋጮ ተወራ፤ መፈክር ተባለ። ከዚያ ውበቴ ተነሣች።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤታችን የተመረገበት አፈር መድኃኒት አለበት። የተምቹ መድኃኒት እዚሁ ነው የተቀበረው ይባላል። እኔ ልጄን አጥቻለሁ። እናንተ ያረገዛችሁ፣ እባካችሁ ግድግዳውን አትብሉ።”

ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። በእኛ ዘንድ አፈር መብላት የሴት ጓዳ ነው፤ እሷ ደጅ አውጥታ አሰጣችው።

አካለ ወልድ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። “ሰው ግድግዳ ይበላል እንዴ? እስቲ ከመካከላችሁ ግድግዳ የበላች ትነሣ!” አለ።

አገሬ ከእኔ አጠገብ ነበረች፣ ሆዷ እስከዚህ ገፍቷል። አንገቷን ደፋች። ሌሎቹም ደፉ። አልፈርድባቸውም ልል ነበር፤ እፈርድባቸዋለሁ። አንዲት ሴት ልጇን ቀብራ ስለ እነሱ ልጆች ስትናገር ብቻዋን አቆሟት።

“አያችሁ ጓዶች” አለ ሊቀመንበሩ። “ይህ መንደር ምሥረታን ለማደናቀፍ ጠላት የሚነዛው ወሬ ነው። መርዝ ነው አይደል ያልሽው?” ከኋላው ካለው ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ጉርሻ የሚያክል ምርጊት ገነጠለ። ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። አፉ ውስጥ ጨመረና አኘከ። ጠጠሩ በጥርሱ ሲፈጭ ይሰማ ነበር። ዋጠው፣ አፉን በእጅጌው ጠረገ። “ይኸው በላሁ። መርዝ ከሆነ ልሙት!”

ጭብጨባው ሜዳውን አናወጠው። በማግሥቱም በሬውን ጠምዶ እያፏጨ ሲያርስ ታየ። ምንም አልሆነም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እህቴ ማታ እራት አልበላም ብላ ተቀምጣ፣ “ሰብልየ፣ ተሳስቼ ይሆን? እግዜር ያላለልኝን ሰው ላይ እየለጠፍሁ ይሆን?” አለችኝ። ያ ሰው ልጇን መውሰዱ ሳያንሰው፣ የምታውቀውን ነገር ከልቧ ውስጥ ነቅሎ ወሰደባት። ፋንታም ያለ ወትሮው ከሰው መሸሽ ጀመረ። መርዝ ካልሆነ በልጁ የቀጣው ፈጣሪ ነው፣ መርዝ ከሆነ ደግሞ በገዛ እጁ ያመጣው እሱ ነው፤ በየት በኩል ይውጣ?

አገሬ ስብሰባው በተበተነ ማግሥት ግድግዳዋን ስትፍቅ ውበቴ ደረሰችባት።

“እሱ በልቶ ምን ሆነ እታለም?” አለች አገሬ። ከንፈሯ ላይ አፈር አለ። “ደግሞስ ካማረኝ ምን ላድርግ? ልጄ ላይ ምልክት ይውጣ?”

በማግሥቱ ተነሥተን ሞጣ ተመለስን። ከእናታችን ጓሮ፣ ከፍ ካለው ቦታ፣ ውበቴ የላይኛውን አፈር ገፍታ ጠለቅ አድርጋ ቆፈረች። ድንጋዩን ለቀመች፣ አፈሩን ነፋች፣ ሽታው ደስ እስኪል በእሳት ቆላችው፣ በጆንያ ሞላችው። ሐምዱ ጨው ይዞ ወደ ቢቸና የሚሄድበት ቀን ነበር።

“አፈር?” አለ ሐምዱ። “ቢቸና አፈር አለቀባት እንዴ?”

“ጫንልኝ ብቻ” አለችው።

ዑሙሰልማ ከቤት ሆና፣ “ጫንላት! አትጠይቃት!” ብላ ጮኸችበት። ጫነላት። ሥጋ ቢሆን የማን እጅ ባረከው ይባል ነበር፤ አፈር ሃይማኖት የለውምና ከጨው ጆንያ ላይ ተደላድሎ ሄደ።

ውበቴ ከአፈሩ ለአገሬ ሰጠቻት። “አምሮትሽን አልከለክልሽም” አለቻት። “ከግድግዳው ግን እጅሽን አንሺ። እኔ እውነት ነኝ እሱ እውነት ነው አልልሽም። አንቺ ብቻ ይኼን ብዪ።” አገሬ ቀመሰች፤ የእሳቱ ሽታ ወደደላት። ሲሰነብት ሆዷ ረጋ። አንዷ ለአንዷ አወራች። በስብሰባው አንገታቸውን የደፉት ሁሉ በጓሮ በኩል አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። እህቴ ለማንኛቸውም ፊት አልነሣችም። እኔ ብሆን ደጄን ዘግቼ አላየሁም አልሰማሁም እል ነበር።

ዛሬ የጤና ባለሙያዎች አፈር ንጹሕም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አይበጅም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ያኔ ምርጫው አፈርና አፈር አለመብላት አልነበረም፤ አፈርና መርዝ ነበር። አትብሉ ብላ ለምና አልሰሟትም። ስለዚህ የሚበሉትን አመጣችላቸው። ወንዶቹ አፈር ነጋዴዋ እያሉ ይጠሯት ጀመር። የማኅበሩ ጥበቃ ጆንያዋን በዱላ እየወጋ ይፈትሽባት ነበር። እሷ ግን አፈሩ ባለቀ ቁጥር ሞጣ ትሄዳለች፣ ትቆፍራለች፣ ትቆላለች፣ ሐምዱ ይጭንላታል።

አንድ እሑድ፣ እኔም አብሬያት ከሞጣ መጥቼ፣ መንገድ ደክሞን ከቤት ቀረን። ፋንታና መንደርተኛው በሙሉ ቅዳሴ ናቸው። ደጁ ላይ ጥላ ሲወድቅ ቀና ስል አካለ ወልድ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል።

“እት ውበቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ” አለ። እት ውበቴ!

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለች እህቴ።

“ከዚያ… ከሞጣው ትንሽ ፈልጌ ነበር።”

“ለማን?”

“ለባለቤቴ። ነፍሰ ጡር ነች። ሆዷን ይዟታል፣ የበላችው አይረጋም። ትናንት ከጎረቤት ግድግዳ ስትፍቅ አገኘኋት። አገሬ ከሞጣው አቅምሳታለች መሰለኝ፣ ያን አማረኝ ትላለች።”

“ግድግዳውን ትብላዋ” አለች ውበቴ በቀስታ። “እርስዎ በልተው ምንም አልሆኑ።”

“የጎረቤቱን እንዳትነካ ብያታለሁ። እቤት ያለውን ብዪ ብላት አልወደደችውም።”

“እቤት ያለው ከጎረቤቱ በምን ይለያል?”

“የእኛማ ንጹሕ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያስመጣሁት…” ብሎ ቃሉን ዋጠ። ግን ወጥቷል።

እህቴ ተነሣች። “የጽሕፈት ቤቱስ?”

ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙር ጀመር።

“የጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ከየት አፈር ነው የተመረገ? ያ የበላኸው!” አንተ አለችው፣ እርስዎነቱ እዚያ ላይ ቀረ።

“እሱም ከማዶ ነው” አለ መሬት መሬት እያየ። “ቀኑን ሙሉ የምውልበት ስለሆነ…”

እኔ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ዘነዘና አንሥቼ ነበር። ውበቴ እጄን ያዘችኝ። ጆንያ አመጣች፣ ከቆላችው አፈር ጢም አድርጋ ሞላች፣ አፉን አሰረች፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

“ይኸውልህ” አለችው። “ቅዳሴው እስኪወጣ እዚህ ትቀመጣለህ። ሰው ሲመጣ አሁን ለእኔ ያልኸውን ትነግራቸዋለህ። ከዚያ ራስህ ተሸክመህ ትሄዳለህ።”

“አሳስርሻለሁ!”

“እሰረኝ። ያን ጊዜ የሚስትህን አፈር ማን ይቆላልሃል?”

ሊሄድ ተነሣ። ጥቂት ተራመደ። በሚስቱ ጭንቀት ይሁን በአምሮቷ፣ አላውቅም፤ ተመለሰና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር። ውበቴ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም።

ሰዉ ነጠላውን ለብሶ መውረድ ጀመረ። ሊቀመንበሩን ከነጆንያው ሲያዩ ቆሙ። አገሬ ልጇን አዝላለች፤ ፋንታ ከኋላ ነው።

“ተናገር” አለችው እህቴ።

አንድ ነገር አጉረመረመ።

“ጮክ በል! ስብሰባ ላይ ድምፅህ እንዲህ አልነበረም።”

ተናገረ። መድኃኒቱ ጨፌው ውስጥ መቀበሩን፣ የራሱን ቤትና የጽሕፈት ቤቱን ከማዶ አፈር ማስመረጉን፣ የበላው የትኛውን እንደሆነ፣ ሁሉንም። የሳቀ ሰው አልነበረም። ፋንታ ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። ይመታዋል ብየ ነበር።

“ልጄ ሆዷ ውስጥ እያለች ታውቅ ነበር?” አለው።

አካለ ወልድ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ።

ፋንታ እጆቹን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አነሣና የሰውየው ትከሻ ላይ ጫነለት። አገሬ ልጇን እንዳዘለች ዶማ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። ብዙም ሳይቆይ ምርጊት ሲፈርስ ከየቤቱ ይሰማ ጀመር።

“ለሚስትህ ሞላ አድርጌልሃለሁ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም” አለችው ውበቴ። “ሲያልቅባት ራሷ ትምጣ። አንተን ግን ሁለተኛ ደጄ ላይ አልይህ።”